ሊኔዞሊድ የሚወስድ ሰው ፒያሳ ላይ ምግቡን እንዴት ይምረጥ?

ታይራሚን በቆዩና በተብላሉ ምግቦችና መጠጦች ውስጥ የሚበዛ ንጥረ ነገር ነው። ከምግብ የሚገባውን ታይራሚን አንጀትና ጉበት ውስጥ ያለው ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ይሰባብረዋል፤ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚታዘዘው ሊኔዞሊድ ግን ይህን ኢንዛይም በመጠኑ ስለሚገታ፣ ታይራሚኑ ወደ ደም አልፎ ኖርአድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን በማስለቀቅ የደም ግፊትን በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ስለዚህ የሚወስዱት ታይራሚን በአንድ ማዕድ ከ100 ሚሊግራም እንዳያልፍ፣ ፒያሳ ሲወጡ ታይራሚን ሊበዛበት የሚችለውን ድራፍት ቢራ ይተዉት፤ ወዳጆቹ ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። ከቆየ ቺዝ ይልቅ በዕለቱ ከአሬራ የወጣ ለጋ አይብ ይምረጡ። ጥብስም ሲያዙ ሥጋው የዕለቱ መሆኑን ይጠይቁ፤ ያደረ ሥጋ ምጣዱ ላይ ቢንጫጫም ታይራሚኑ በሙቀት አይጠፋም። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከተሰማዎ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።