ለጠየቃችሁ ሰው የሚጠቅም ምክር ለመጻፍ

«በርቺ፣ ጊዜሽን በአግባቡ ተጠቀሚ፣ ተስፋ አትቁረጪ።» ተማሪዎች ምክር ጻፉ ሲባሉ ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ይህን ነው። ስህተት የለበትም፤ ግን ጠያቂዋ ይህን ቀድሞም ታውቀዋለች። ምክር ጠቀመ የሚባለው አንባቢው አንብቦ ሲጨርስ ነገ ምን እንደሚያደርግ ለይቶ ካወቀ ነው።

መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብቡ። በመጀመሪያው ንባብ ሰውየው ምን እንደጠየቀ ብቻ ፈልጉ። በሁለተኛው ደግሞ እስካሁን የሞከረውንና የማይችለውን አስምሩበት። ትልቁ ስህተት የሚመጣው ይህን ከመዝለል ነው። አንዲት ተማሪ እንዲህ ብላ ጠየቀች እንበል፦ «በደንብ አነባለሁ፣ ፈተና ላይ ግን ሁሉም ይጠፋብኛል። ከጓደኞቼ ጋር ለማጥናት ሞክሬ ነበር፤ ወሬ ብቻ ሆነ።» ለዚህች ልጅ «ከጓደኞችሽ ጋር ብታጠኚስ?» ብሎ መመለስ ደብዳቤዋን አላነበብኩትም እንደማለት ነው። ቀሪውን ምክራችሁንም አታምንም።

መግቢያው ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። «ችግርሽ ይገባኛል» ብቻውን አይበቃም፤ የተረዳችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሱላት፦ «ማንበቡ አልከበደሽም፤ የከበደሽ ያነበብሽውን ያለ ደብተር ማውጣት ነው።» ይህች ዓረፍተ ነገር በጥሩ ከተጻፈች ግማሹ ሥራ አለቀ፤ ምክሩ ከእሷ ነውና የሚወጣው።

ከዚያ ሁለት ምክር ስጡ፤ ቢበዛ ሦስት። ሰባት ነገር የተዘረዘረለት ሰው ከየቱ እንደሚጀምር ግራ ይገባውና አንዱንም ሳይሞክር ይቀራል። በእያንዳንዱ ምክር ውስጥ ምን፣ መቼ፣ እንዴትና ለምን መኖር አለባቸው። «በደንብ አጥኚ» የሚለው ተሻሽሎ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ከትምህርት ቤት እንደተመለስሽ ደብተርሽን ዝጊና የዕለቱን ትምህርት ከምታስታውሽው ብቻ በ10 መስመር ጻፊ። ከዚያ ደብተሩን ክፈቺና የጎደለውን በሌላ ቀለም ጨምሪበት። ስናነብ ቃሉ ዓይናችን ፊት ስላለ ያወቅነው ይመስለናል፤ ፈተናው ግን የሚጠይቀን ደብተሩ ተዘግቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሦስት መስመር ብቻ ቢመጣልሽ አትደንግጪ፤ በሌላ ቀለም የጻፍሽው በሙሉ ገና መጠናት ያለበትን ያሳይሻል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። ምክሩ የት ላይ ሊያዳግት እንደሚችል አስቀድማ ትናገራለች። እሷ ባትኖር ልጅቷ በሁለተኛው ቀን «እኔ አልችልም» ብላ ትተወው ነበር።

አነጋገር ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት «አለብሽ» በማብዛት ነው። ሦስቴ ከተደጋገመ ምክሩ ትእዛዝ ይሆናል። ምርጫው የእሷ ሲሆን «ብትሞክሪው»፣ «ቢሆን ይሻላል» በሉ፤ አሠራሩን ስታሳዩ ግን «ዝጊ»፣ «ጻፊ» ማለት ነውር የለውም፣ እንዲያውም ግልጽ ነው። በየመስመሩ «ምናልባት» ማስገባትም ምክሩን ያላላዋል። አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ፣ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ያዙት፤ በ«አንቺ» ጀምሮ መሐል ላይ «አንድ ሰው እንዲህ ማድረግ ይኖርበታል» የሚል ጽሑፍ ፊቱን ከጠያቂዋ አዙሯል። «ሞከርኩ»፣ «አነባለሁ» የሚሉት ግሦች ጸሐፊው ወንድ ይሁን ሴት ስለማይነግሩን፣ ሌላ ፍንጭ ከሌለ «እርስዎ» ያዋጣል።

ተረትና ምሳሌ አንድ ይበቃል። ቦታውም ከተግባሩ በኋላ ነው፤ በተግባሩ ፈንታ አይገባም።

ጥያቄው ውስጥ ድብደባ፣ ማስፈራራት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግን የአጻጻፍ ብልሃት አትፈልጉ። ዛሬውኑ ለሚያምነው አዋቂ ወይም ለጤና ባለሙያ እንዲናገር ጻፉ፤ ጥያቄውንም ሳትውሉ ሳታድሩ ለመምህራችሁ አሳዩ።

ስትጨርሱ ጽሑፉን ጥያቄውን ለማያውቅ የክፍል ጓደኛ ስጡና «ይህ ምክር ለአንተ ቢሆን ነገ ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «እበረታለሁ» ካለ ምክሩን እንደገና ጻፉት። «ደብተሬን ዘግቼ 10 መስመር እጽፋለሁ» ካለ ጽሑፉ ይላክ።