የተሻሻለ ርካሽ ዴስክቶፕ ስንት ያወጣል?

ሻጩ «ራም ጨምሬበታለሁ፣ ኤስኤስዲም አለው» ሲላችሁ ቶሎ አትደሰቱ (ራም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ነው፤ ኤስኤስዲ ደግሞ ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣን ማከማቻ)። እኔ መጀመሪያ የማየው ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል ነው። ራም ነገ ይጨመራል፤ አሮጌ ፕሮሰሰር ግን ማሽኑን ወደ ኋላ ይዞት ይቀራል። ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ትውልድ በታች አልወርድም፤ ዊንዶውስ 11 ከዚያ በታች ያሉትን አብዛኞቹን በይፋ አይደግፍም።

ቀጥሎ ክዳኑን አስከፍታለሁ። አንዴ ሳላስከፍት «16 ጊጋ» የተባለ ገዛሁ። ቤት ስፈታው ራሙ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ሁለት ባለ 8 ጊጋ ቢሆን ይሻል ነበር፤ በተለይ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ኮምፒውተር ልዩነቱ ያስታውቃል።

ግራፊክስ ካርድ ከተጨመረበት ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) በደንብ እዩ። ካርዱ ከማዘርቦርዱ የሚያገኘው እስከ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ከሆነ ገመዱ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ ይምጣ። ከሃርድ ዲስክ ገመድ በመቀየሪያ የተቀጠለ ካያችሁ ተዉት። ሊቀልጥ፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

የኤስኤስዲውን ጤንነት ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው የዲስክ መፈተሻ ፕሮግራም አስፈትሹ፤ ደቂቃ አይፈጅም።

ዋጋውስ? ያው ሞዴል ሳይሻሻል ስንት እንደሚሸጥ ጠይቁ። የተጨመሩትን ዕቃዎች ባገለገለ ዋጋ ደምሩበት፣ በአዲስ ዋጋ አይደለም። ሻጩ ከዚያ ብዙ ከራቀ፣ ያልተሻሻለውን ገዝታችሁ ራሳችሁ አሻሽሉት።