የአሮጌ ትራክተር የእጅ ፍሪሲዮን ሲስተካከልና ሲጠገን ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጎጃም መንገዶችና ማሳዎች ላይ ዛሬ የሚታዩት ትራክተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ፍሪሲዮናቸው (የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) በእግር የሚረገጥ ነው። በዚህም ምክንያት በእጅ የሚሠራ ፍሪሲዮን ያለው አሮጌ ትራክተር ወደ ጋራዥ ሲገባ፣ በብር ሸለቆ ወይም በአየሁ ሰፋፊ እርሻዎች ላይ ለዓመታት የሠራ መካኒክ እንኳ የሚያውቀውን የእግር ፍሪሲዮን ደንብ ይዞ ይቀርባል፤ ጥፋቱም ከዚያ ይጀምራል። እዚህ የምጽፈው በዋናነት ባለሁለት ሲሊንደሩን የአሜሪካ ትራክተር ጆን ዲር፣ በተለይም ከ1934 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. የተመረተውን ሞዴል ኤ እና መሰሎቹን የሚመለከት ነው።

ስህተቶቹን ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የእግር ፍሪሲዮን በሞላ (በስፕሪንግ) ኃይል ሁልጊዜ ተጣብቆ የሚኖር፣ እግር ሲጫነው ብቻ የሚላቀቅ ነው። የእጁ ግን በያዘበትም በለቀቀበትም ሁኔታ ሰው ሳይነካው ጸንቶ ይቆማል። በእጅ የሚያዘው ዘንግ ወደ ፊት ሲገፋ ዲስኮቹን እርስ በርስ ያጣብቅና መሃሉን አልፎ «ቀጭ» ብሎ ይቆለፋል፤ ወደ ኋላ ሲሳብ ይለቃል፤ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ደግሞ ፑሌጃውን የሚያቆም ትንሽ ፍሬን ይይዛል። ይህ ሁሉ የሚገኘው በትራክተሩ ቀኝ ጎን፣ በኮሎው (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና የሞተሩ ብረት) ጫፍ ላይ፣ በቺንጋ ማዞሪያው ፑሌጃ ውስጥ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስህተት ችግሩን ሳይለዩ ማጥበቅ ነው። አንድ ጊዜ ከደምበጫ አካባቢ የመጡ አዛውንት የትራክተራቸው ማረሻ ዋልካው ላይ ሲደርስ እንደሚቆምባቸው ነግረውኝ «ልጄ፣ እሱን አጥብቅልኝና ቀኑ ሳይመሽብኝ ልሂድ» አሉኝ። «አባባ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ መጀመሪያ ሲጎትት ልየው» ብያቸው ከጋራዡ ጀርባ ካለው ሜዳ ላይ ማረሻውን አስገብተን ሞከርነው። ፍሪሲዮኑ የሚያንሸራትት ቢሆን ኖሮ ጎማው ሲቆም የሞተሩ ድምፅ እንደ ነበረ ይቀጥል፣ እንዲያውም ይፈጥን ነበር። የሆነው ግን ሞተሩ ራሱ እያቃሰተ መውደቁ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ይዞ ነበር፣ የደከመው ሞተሩ ነበር። የአየር ማጣሪያው ዘይት በአቧራ ብዛት ወደ ጭቃነት ተለውጦ አገኘነው። በዚያ ላይ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር ከአየሩ መሳሳት የተነሳ ጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል እንደሚያጣ መዘንጋት የለበትም። ይህ ሙከራ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ሳይደረግ ቁልፍ መያዝ ግን ጤነኛውን ፍሪሲዮን ማበላሸት ነው።

ማጥበቅ በእርግጥ ሲያስፈልግ ደግሞ የሚፈጸመው ስህተት ሦስቱን ዳዶዎች እኩል አለማጥበቅ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የፑሌጃው ሽፋን ሲወጣ፣ በሦስት ቡሎኖች ላይ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዝ የሚታጠፍ ሽቦ) የታሰረባቸው ሦስት ዳዶዎች ይታያሉ። ብዙ ሰው ቁልፍ የሚገባለትን አንዱን ዳዶ አጥብቆ፣ ዘንጉ ከበድ ማለቱን ሲያይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዲስኩ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚጨበጥ ሸራው (የዲስኩ መፋተጊያ) በዚያ በኩል ይበላል፣ ሲለቀቅም መጎተቱን አይተውም። ትክክለኛው መንገድ ሦስቱንም ከአንዱ የኮፒሊያ መግቢያ እስከሚቀጥለው ብቻ፣ በተራና በእኩል መጠን ማዞር፣ ከዚያም ዘንጉን ገፍቶ መሞከር፣ ካልበቃም ያንኑ መድገም ነው። የሚፈለገው ምልክት ዘንጉ ጠንከር ባለ ግፊት ሄዶ ጥርት ባለ «ቀጭታ» መቆለፉ ነው። ድምፁ ሳይሰማ ዘንጉ በለስላሳው የሚሄድ ከሆነ ገና ልል ነው፤ በሁለት እጅ ታግሎ እንኳ መሃሉን የማያልፍ ከሆነ ከልክ በላይ ጠብቋል። ይህ የኋለኛው ከልልነቱ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ያልተቆለፈ ዘንግ ሸክሙን ዘንጉን ከፍሪሲዮኑ በሚያገናኙት ሹካና አንገትጌ ላይ ጥሎ ስለሚውል፣ እነዚህ በአንድ ቀን እርሻ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ኮፒሊያውን አሮጌውን አቃንቶ መመለስም አይገባም፤ በፑሌጃው ውስጥ የተፈታ ዳዶ የሚያደርሰውን ጉዳት ያየ ሰው ለአዲስ ኮፒሊያ የሚወጣውን ገንዘብ አይሳሳለትም።

ማርሽ ሲገባ መንጫጨቱን ሁሉ የፍሪሲዮን ልልነት አድርጎ መቁጠርም ሌላው ስህተት ነው። ዘንጉ ወደ ኋላ ተስቦ ፑሌጃው መዞሩን ካላቆመ፣ መመርመር ያለበት ከላይ የጠቀስኩት ትንሹ ፍሬን ነው፤ ሸራው አልቆ ወይም ርቆ ሊሆን ይችላል። ፍሪሲዮኑ ሲጠብቅ መንጫጨቱ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ዳዶዎቹ በተነኩ ቁጥር የፍሬኑም ርቀት አብሮ መታየት አለበት።

ዘይት የነካውን ሸራ በቤንዚን አጥቦ መመለስ በጋራዦቻችን የተለመደ ነው። ለጥቂት ቀናት ይሠራል፤ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ግን ተመልሶ ያንሸራትታል። ምንጩ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ የፑሌጃው ኩሽኔታ ከመጠን በላይ ግራሶ ተሰጥቶታል፣ ወይ ከጎኑ ካለው የማርሽ ቤት ዘይት ያፈሳል። ስለ ሸራው ራሱም አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ፦ በዚያ ዘመን የተሠሩ ሸራዎች አስቤስቶስ ይይዙ ነበር፤ ስለዚህ በውስጡ የተጠራቀመውን ብናኝ በኮምፕረሰር ወይም በአፍ መንፋት ሳንባን ለማይድን በሽታ ማጋለጥ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ጨርቁ በፌስታል ታስሮ ይወገድ። ረዳት ሆነው የሚሠሩ ልጆችም በዚያ ሰዓት አጠገቡ አይቁሙ።

ከአዲስ አበባው ሱማሌ ተራ ወይም ከባሕር ዳር ሸራ አስመጥቶ እሱን ብቻ መለወጥም ገንዘብን ያባክናል። ሸራው ያለቀበት ፍሪሲዮን ዲስኮቹን የሚያጣብቁት ፒኖችና ማንሻ ጥርሶችም የመበላታቸው ዕድል ሰፊ ነው፤ እነሱ ከተበሉ ደግሞ ዳዶው እስከ ክሩ መጨረሻ ቢጠብቅ እንኳ ዘንጉ አይቆለፍም። ብረት ዲስኮቹ መጣመማቸው ወይም መቦርቦራቸው ጠፍጣፋ ነገር ተደርጎባቸው ይታይ። ከሁሉም ይልቅ በኮሎው ጥርስ ላይ የሚቀመጠው ዲስክ መላላቱ ሳይመረመር ሽፋኑ መዘጋት የለበትም፤ ልል ዲስክ የኮሎውን ጥርስ ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ ኮሎ መለወጥ ማለት ደግሞ ሞተሩን መበታተን ነው።

በአነዳድ በኩል፣ ዘንጉን በግማሽ ይዞ ትራክተሩን እያንሸራተቱ ማሽከርከር ሸራውን ያነደዋል። ለመነሳት ቀስ ብሎ መግፋት ተገቢ ነው፤ ከተነሳ በኋላ ግን እስኪቆለፍ መገፋት አለበት።

የመጨረሻው ስህተት የሚፈጸመው ትራክተሩ ሥራ ፈትቶ በሚቆምበት ጊዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ፍሪሲዮኑ ተቆልፎ ከተተወ፣ እርጥበቱ ሸራውን ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ በመስከረም ዘንጉ ወደ ኋላ ቢሳብም ዲስኮቹ አይላቀቁም። ይህን ያላወቀ ሰው ማርሽ ውስጥ ያለን ትራክተር ለማስነሳት ከጎኑ ቆሞ ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) በእጁ ሲያዞር፣ ሞተሩ እንደተነሳ ትራክተሩ ይሄድበታል፤ ዘንጉ ወደ ኋላ መሆኑ አያድነውም። ስለዚህ ክረምቱን ፍሪሲዮኑ ለቅቆ፣ ፑሌጃው ተሸፍኖ ይደር። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ፣ ማርሹ ፎሌ (ነጻ) ይሁን፣ ዘንጉም ፍሬኑን ሳይነካ ለቅቆ ይቁም፤ ከዚያ ፑሌጃው በእጅ ይዙር። ቮላኖው አብሮ ከዞረ ዲስኮቹ እንደተጣበቁ ናቸው፤ ሽፋኑ ተከፍቶ በቀጭን ካቻቢቴ ከየአቅጣጫው ቀስ በቀስ መለያየት አለባቸው። ፑሌጃው ለብቻው ዞሮ ቮላኖው ከቆመ ግን ሞተሩን ማስነሳት ይቻላል።