ለቮልስና ለዲኤክስ ኮይልኦቨር ስትሠሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መኪና ቁልቁለቱንና ኩርባውን የሚችለው በሞላው ማሰሪያ ጭምር ነው። ማሰሪያው ግቢ ውስጥ ተበይዶ ከሆነ ጉዱ የሚወጣው እዚያ ነው፤ ደጋው ሜዳ ላይ ሁሉም ደህና ይመስላል።

ደጋግሞ የሚያናድደው ስህተት አንድ ነው፦ ኮይልኦቨሩን (ሞላው ሾኩን ከቦ አንድ ላይ የተሠራውን) የድሮው ሾክ በነበረበት ቡሎን ላይ አስሮ የመኪናውን ክብደት እዚያ ላይ መጫን። እባካችሁ ተዉት! የቮልስን ክብደት የሚሸከመው ቶርሽን ባሩ (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራው ብረት) ነው፤ የሾኩ ማሰሪያ ንዝረቱን ብቻ እንዲያበርድ የተሠራ ነው። ቮልስ 800 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ሞተሩ ኋላ ስለሆነ ወደ 60 በመቶው ኋላ ላይ ነው ያለው። ቆሞ እንኳ በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ ከ200 ኪሎ በላይ አለ፤ ጉድጓድ ሲመታ ደግሞ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ዲኤክስም ኋላው ላይ ሞላው የራሱ መቀመጫ አለው፣ ሾኩ ለብቻው ነው፤ ስለዚህ ስህተቱ ያው ነው።

ክብደቱን ወደ ሾኩ ቦታ ካዛወራችሁ ቦታውን እንደ አዲስ ሥሩት። 5 ሚሊ ላሜራ፣ በሁለቱም ጎን ባለ ሦስት ማዕዘን ማጠናከሪያ፣ ግራና ቀኙን የሚያገናኝ 40 በ40 ባለ 3 ሚሊ ቱቦላሬ ያስፈልጋል። ቡሎኑ በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ ሳይሆን በሁለት ጆሮ መሃል ይያዝ፤ ራሱ ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ ያልተጻፈበትን አትጠቀሙ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጭቃውን አጥባችሁ የብየዳውን ጠርዝ በባትሪ መብራት እዩ። ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ካለና ዝገት ከውስጡ ከወጣ፣ ብረቱ መሰንጠቅ ጀምሯል።

ዘይት ወይም ጋዝ ያለበትን ሾክ አትበይዱ። ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል።

ስትበይዱ የመኪናውን ባትሪ ገመድ ፍቱ፣ የብየዳ ማሽኑን ማሳ (የመመለሻውን ገመድ) ደግሞ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ እሰሩ። አለዚያ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው አልፎ ይበላዋል።

መኪናው ዝቅ እንዲል ሞላውን በእሳት ማሞቅ ብረቱን ያበላሻል፤ ቀስ በቀስ ይተኛል። መቁረጥም ጥንካሬውን ይለውጣል፦ ስምንት የሚሠራ ዙር ካለው አንዱ ሲቀነስ በ14 በመቶ ያህል ይጠነክራል። ሌላው የሚረሳው ርቀት ነው። ጎማው 10 ሴ.ሜ ሲነሳ ኮይልኦቨሩ 7 ሴ.ሜ ብቻ የሚታጠፍ ከሆነ፣ ጎማው ጋ የሚደርሰው የሞላው ጥንካሬ ግማሽ ያህሉ ነው (0.7 × 0.7)። ሞላ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ለኩ።

ሞላውን አውጥታችሁ በሾኩ ብቻ ጎማውን በክሪክ ከታች እስከ ላይ አንቀሳቅሱት። ላይ ሲደርስ የማቆሚያው ላስቲክ ከሾኩ ቀድሞ ይንካ፤ ለሾኩ ቢያንስ 1 ሴ.ሜ ይትረፍለት። ሲንጠለጠል ደግሞ የፍሬኑ ጎማ ቱቦ እንዳይወጠር።

ጎሚኒ (የላስቲክ ቡሽ) ያለበትን ቡሎን ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ አጥብቆ መጨረስ ሌላው ጥፋት ነው። መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። መኪናው በጎማው የሚወጣበት መወጣጫ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ ክብደቱ ጎማው ላይ እንዳለ ከሥር ገብታችሁ ታጠብቃላችሁ።

መወጣጫውን ከባህር ዛፍ ግንድ አትሥሩ፤ ሲደርቅ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ቱቦላሬው ይበቃል፦ ከፍታው 25 ሴ.ሜ፣ ዳገቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 30 ሴ.ሜ፣ መጨረሻው ላይ 5 ሴ.ሜ ማገጃ፣ እግሩ ከላዩ የሰፋ። ክረምት መረሬ ላይ ካቆማችሁት አንዱ እግር ይሰምጣል፤ ሲሚንቶ ከሌለ ከሥሩ ሰፊ ላሜራ አንጥፉ። ዳገቱ እየተገፋ እንዳይንሸራተትም ከፊቱ አስደግፉት።

ኮይልኦቨሩን ለመፍታት ግን መወጣጫ አይሆንም፤ ጎማው መንጠልጠል አለበት። ያኔ ሻንሲውን በብረት መቆሚያ ያዙ፣ በድንጋይ ወይም በክሪክ ብቻ አትግቡ። የሁለቱም መኪኖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ጎማ ስለሆነ፣ ኋላውን ስታነሱ የፊቱን በግራም በቀኝም፣ ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙት።