ፍትህ እየጠየቅን መስሎን በቀል የምንጠይቅባቸው ስህተቶች

አንድ ዘግናኝ ነገር ይሰማል፣ ህፃን ተጎዳ ወይ ሴት ተገደለች ወይ አንዱ የስንት ሰው ገንዘብ በልቶ ጠፋ፣ ከዛ በሰአታት ውስጥ ፎቶ ይለቀቃል፣ ስም ይወጣል፣ ኮሜንቱ በሙሉ "ይሰቀል"፣ "ለኛ ስጡን" ይሆናል። እኔም ከነዛ ኮሜንቶች ውስጥ ነበርኩ። አንዴ የአንድን ሰው ፎቶ "ይሄ ነው፣ እንዳያመልጥ ሼር አድርጉት" ከሚል ፅሁፍ ጋር ደረሰኝና ሳላጣራ አስተላለፍኩት፣ በሁለተኛው ቀን ሰውየው ከተፈላጊው ጋር በስም ብቻ የሚመሳሰል ሌላ ሰው መሆኑ ታወቀ። ፖስቱን አጠፋሁት፣ ግን ከኔ ወስደው ያሰራጩት ሰዎች ጋር ያለውን ማጥፋት አልቻልኩም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። ከዛ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም፣ ያገኘሁትን ሳነብ ከረምኩ፣ እና ደጋግመን የምንሰራቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልፃፋቸው ብዬ ነው። አመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ንዴቱን ራሱን እንደ ጥፋት መቁጠር ነው። "ተረጋጉ፣ ለህግ ተዉት" የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ሀሳባቸው ክፉ አይደለም፣ ግን ብዙ ጊዜ እንደዛ የሚሉት ህጉ ራሱ ዝም ባለበት ሰአት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ በደል አይቶ የማይናደድ ሰው ነው፣ ሰው ስለጮኸ ብቻ ከመሳቢያ የወጣ ስንት ፋይል አለ። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ንዴታችን ምን እንዲደረግ እየጠየቀ ነው የሚለውን ነው። ተጠርጣሪው ቀርቦ ማስረጃው እንዲሰማበት፣ ቅጣቱን ደግሞ ያልተናደደ ሌላ ሰው እንዲለካ ከጠየቅክ ፍትህ ጠይቀሃል። እኔው ፈርጃለሁ፣ እኔው ልቅጣ ካልክ ግን በቀል ነው፣ ሰውየው በርግጥም ጥፋተኛ ቢሆን እንኳ። ለኔ መስመሩ እዚህ ጋ ነው ያለው፣ ቅጣቱን የሚለካው ማነው የሚለው ላይ።

ከሁለተኛው የአለም ጦርነት በኋላ የናዚ መሪዎችን ያለ ፍርድ እንረሽናቸው የሚል ሀሳብ በአሸናፊዎቹ መሀል በቁም ነገር ተነስቶ ነበር፣ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ራሱ ወደዛ ያዘነብል ነበር። ሚሊዮኖችን ያስጨረሱ ሰዎች ናቸው፣ ማን ያዝንላቸዋል። ግን በ1945 ኑረምበርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ችሎት ተከፈተ፣ ጠበቃ ቆመላቸው፣ ራሳቸው የፈረሙባቸው ሰነዶች እየወጡ ተነበቡ፣ በ1946 ፍርዱ ሲሰጥ ከ22ቱ ተከሳሾች 12ቱ ሞት ተፈረደባቸው፣ 7ቱ እስራት፣ 3ቱ ደግሞ በነፃ ተለቀቁ። እነዛ 3 ሰዎች ናቸው እኔን ያሳመኑኝ፣ ማንም ነፃ ሊወጣ የማይችልበት ቦታ ችሎት አይባልም፣ የሞት ወረፋ ነው። እና ዛሬ "እንደዛ አይነት ነገር አልተፈፀመም" የሚል ሰው ሲመጣ የሚቀርብለት እዛ ችሎት ላይ የተነበበው ሰነድ ነው፣ በጥይት ቢያልቁ ኖሮ ያ ሁሉ በዛ መልክ ተመዝግቦ አይቀመጥም ነበር።

ሁለተኛው ስህተት የመጀመሪያውን ወሬ እንደ ማስረጃ መያዝ ነው። እዚህ ላይ ረዘም ልበል፣ ንፁህ ሰው የሚያልቀው በዚህ ነውና።

በ1761 ፈረንሳይ ውስጥ ቱሉዝ የሚባል ከተማ፣ ዣን ካላስ የሚባል ነጋዴ ነበር፣ ትልቁ ልጁ እቤት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ነው፣ ከተማው ካቶሊክ። ደጁ ላይ ከተሰበሰበው ሰው መሀል አንድ ድምፅ "ሃይማኖቱን ሊቀይር ሲል ቤተሰቦቹ ገደሉት" አለ፣ በቃ፣ ወሬው ከተማውን ሞላው፣ ልጁ እንደ ሰማዕት በክብር ተቀበረ፣ በ1762 አባትየው በመንኮራኩር ላይ አጥንቱ ተሰባብሮ ተገደለ። እስከ መጨረሻዋ ትንፋሹ አልገደልኩም እንዳለ ነው የሞተው። ከዛ ታዋቂው ፈረንሳዊ ፀሀፊ ቮልቴር ጉዳዩን ይዞ ሲሟገት ቆይቶ በ1765 ንፁህ ነበር ተባለ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ በሉ፣ የፈረደበት መንጋ ሳይሆን ፍርድ ቤት ነው። ግን ደጅ ላይ የተጮኸው ጩኸት ዳኞቹ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ዳኛም ሰው ነው፣ ጎረቤት አለው፣ ሀሜት ይሰማል፣ ህዝቡ ቀድሞ ከፈረደ በኋላ "አይ ማስረጃው አይበቃም" ለማለት ከባድ ድፍረት ይጠይቃል።

ያ የድሮ ነው እንዳትሉ። በ2013 የቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ኢንተርኔት ላይ ያለው ሰው ፎቶ እያነፃፀረ ራሱ መርማሪ ሆነ፣ እና ከምንም የማያገናኘውን አንድ ተማሪ "ይሄ ነው" ብሎ አወጀ። ልጁ ከፍንዳታው በፊት የጠፋ፣ ቤተሰቦቹ በጭንቀት እየፈለጉት የነበረ ልጅ ነው፣ በኋላ አስከሬኑ ተገኘ። ልጃቸውን በሚፈልጉበት ሰአት የስድብና የዛቻ መአት ነው የወረደባቸው። በ2018 ደግሞ ህንድ ውስጥ "ህፃናት የሚሰርቁ ሰዎች መጥተዋል" የሚል የውሸት መልእክት በዋትሳፕ እየተዞረ በተለያየ ቦታ መንገደኞች ተደብድበው ተገደሉ፣ ዋትሳፕም እዛ አገር አንድ መልእክት ከ5 ቻት በላይ በአንዴ እንዳይተላለፍ ገደብ አደረገ። እነዛን ሰዎች የደበደቡት እኮ ልጆቻችንን እያዳንን ነው ብለው ነው፣ እኔን የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው፣ ክፉ ነገር እየሰራሁ ነው ብሎ የሚያስብ አንድም ሰው እዛ መሀል አልነበረም ይሆናል።

"በአይኑ ያየ ምስክር አለ እኮ" ይባላል ደግሞ። አሜሪካ ውስጥ ተፈርዶባቸው ከታሰሩ በኋላ በዲኤንኤ ምርመራ ንፁህ መሆናቸው የተረጋገጠ ከ370 በላይ ሰዎች አሉ፣ ከነዚህ ውስጥ ከ10 ወደ 7 የሚጠጉት ላይ የአይን ምስክር "እሱ ነው" ብሎ በስህተት ጠቁሞባቸው ነበር። ምስክሮቹ እየዋሹ አልነበረም ብዙዎቹ፣ የሰው ትዝታ እንደ ቪዲዮ ስላልሆነ ነው፣ በኋላ ያየኸው ፊት ቀድሞ ባየኸው ላይ ይደረብበታል። እና የተጠርጣሪን ፎቶ በየቦታው ስንለጥፍ የምናደርገው ይሄንኑ ነው፣ ምስክሩ ሰውየውን ከሌሎች ሰዎች ጋር ተሰልፎ ለይ ከመባሉ በፊት ፎቶውን ሺ ጊዜ ስልኩ ላይ አይቶታል። ጥፋተኛው እሱ ቢሆንም ጠበቃው ተነስቶ "ምስክሩ የለየው ከስልኩ ነው" ሲል ምን ይመለስለታል? ለተጎጂዋ ብለን ያደረግነው ነገር የተጎጂዋን ክስ ያበላሽባታል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሶስተኛ ስህተት "ለዚህ አይነቱ ጠበቃ አያስፈልገውም" ማለት ነው። ጠበቃውን ጭምር መስደብ አለ፣ "እንዴት ለአውሬ ትቆማለህ" እያሉ። የፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ይሄን በህግ አድርገውት ያውቃሉ። በሰኔ 1794 ከአብዮቱ መሪዎች መሀል የነበሩት ሮቤስፒየርና ኩቶን ያስወጡት ህግ የአብዮቱ ጠላት ተብሎ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ እንዳይኖረው ከለከለ፣ ምስክር መስማትም ግዴታ እንዳይሆን አደረገ፣ ፍርዱ ደግሞ ሞት ወይ ነፃ ብቻ፣ መሀል ላይ ምንም የለም። ህግ ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው በሀምሌ 28 ሮቤስፒየርም ኩቶንም ራሳቸው ክርክር ሳይሰማላቸው ጊሎቲን በሚባለው አንገት መቁረጫ ተገደሉ። የሰው አፍ ይዘጋ ብለህ የሰራኸው በር አንተን መርጦ አያሳልፍም። በዛ ላይ ጠበቃ መኖሩ ለተጎጂም ይጠቅማል፣ ጠንካራ ክርክር ተቋቁሞ ያለፈ ፍርድ ይግባኝ ላይ በቀላሉ አይፈርስም፣ በድብደባ የተገኘ ቃል ላይ የቆመ ፍርድ ግን ከአመታት በኋላ ይገለበጥና ተጎጂዋ ያንን ሁሉ ስቃይ እንደገና ቆማ ትናገራለች።

አራተኛ፣ ቤተሰቡን መጨመር። ሚስቱ የት ነው የምትሰራው፣ ልጆቹ የት ይማራሉ እያሉ መለጠፍ። ይሄ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ያቺ ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ ጓደኞቿ ሲሸሿት ምን አጥፍታ ነው? ደም መመለስ የሚባለው ነገር ትውልድ የሚጨርሰው እኮ ገዳዩ ሲጠፋ ወንድሙን፣ ወንድሙ ሲጠፋ የአጎቱን ልጅ እያለ ስለሚሄድ ነው።

አምስተኛ፣ ከፍርዱ ላይ ምርቃት መፈለግ። "እስር ቤት ሲገባ እዛ ያሉት ያሳዩታል" የሚለውን ኮሜንት ሁላችሁም አይታችኋል፣ ሺ ላይክ ይዞ። ፍርዱ 20 አመት እስራት ከሆነ ቅጣቱ 20 አመት እስራት ነው፣ ድብደባና መደፈር ቅጣቱ ውስጥ አልተፃፈም። "አይን ላጠፋ አይኑ ይጥፋ" የሚለው የጥንቱ የባቢሎን ንጉስ የሐሙራቢ ህግ እንኳ፣ ወደ 3,800 አመት የሚጠጋው፣ ዛሬ ስናነበው ጭካኔ ይመስለናል እንጂ ለአንድ አይን አንድ አይን ብቻ ብሎ ልክ ያበጀ ነው፣ ለአንድ አይን ነፍስ አይወሰድም እንደማለት። እኛ ደግሞ ከዛ በታች እየወረድን ነው አንዳንዴ።

ስድስተኛው በቀል ያሳርፈኛል ብሎ ማሰብ ነው። መቅጣት ደስ ማለቱ እውነት ነው፣ በ2004 ዙሪክ ውስጥ የተሰራ ጥናት ያታለላቸውን ሰው ሲቀጡ የሰዎች አንጎል ውስጥ ከደስታና ከሽልማት ጋር የተያያዘው ክፍል እንደሚነቃ አሳይቷል። ግን በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት አለ፣ ሰዎች በገንዘብ ጨዋታ እንዲከዱ ተደርጎ አንዳንዶቹ ከሃዲውን እንዲቀጡ እድል ተሰጣቸው፣ ሌሎቹ አልተሰጣቸውም። ገምቱ የተባሉ ሌሎች ሰዎች መቅጣት ስሜትን ያሻሽላል ብለው ነበር የገመቱት፣ በኋላ ሲጠየቁ ግን ካልቀጡት ይልቅ ስሜታቸው የተበላሸው የቀጡት ሆኑ፣ ምክንያቱም ስለዛ ሰው ማሰብ ማቆም አልቻሉም። ያልቀጡት ትተውት ሄደዋል። ይሄ በጨዋታ የተለካ ትንሽ ክህደት ነው፣ ልጇን ያጣች እናት ላይ እንዲሁ ይሰራል ብዬ አልናገርም፣ ግን እኛ ከሩቅ ሆነን ኮሜንት የምንፅፈው ሰዎች ላይ በደንብ ይሰራል ብዬ አምናለሁ፣ በራሴ ስላየሁት።

ሰባተኛው ከተቃራኒው ጎን የሚመጣ ነው፣ በቀልን ጠልተን ተጎጂውን ይቅር በል ብሎ መጫን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ በኋላ በዴዝሞንድ ቱቱ የሚመራ የእውነትና እርቅ ኮሚሽን አቋቁማ እውነቱን ሙሉ ለሙሉ የተናገረ ምህረት መጠየቅ ይችላል አለች፣ 7,112 ሰው አመለከተ፣ 849 ሰው ተሰጠው። ይሄም በቀል እንዳይሆን ከተገኙት መንገዶች አንዱ ነው፣ እኔ በጣም አከብረዋለሁ። ግን ምህረቱ ወዲያው ሲሰራ ለተጎጂዎች የካሳ ክፍያ የተፈቀደው በ2003 ነው፣ እሱም አንዴ ብቻ የሚከፈል 30,000 ራንድ፣ ኮሚሽኑ ካሰበው በጣም ያነሰ። ይቅርታ የተጎጂው ንብረት ነው፣ ሲፈልግ ይሰጣል፣ ካልፈለገ ይተወዋል፣ እኛ ሰላም ስለፈለግን ከሱ ላይ ቀምተን የምናድለው ነገር አይደለም።

የመጨረሻውና እኔ በጣም የሚያናድደኝ ስህተት ቶሎ ወደ ቤት መግባት ነው። ሰውየው ሲያዝ "እሰይ" እንላለን፣ ጠንካራ ህግ ይውጣ፣ ቅጣቱ ወደ ሞት ይቀየር ብለን እንፈርማለን፣ ከዛ ሌላ ዜና ይመጣና እንረሳዋለን። በ1764 ጣልያናዊው የህግ ፈላስፋ ቤካሪያ የፃፈው ነገር እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው፣ ወንጀልን ይበልጥ የሚያስፈራው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን ቅጣቱ አለመቅረቱ ነው ይላል፣ እና እውነቱን ነው፣ ከ100 አጥፊ 95ቱ የማይያዝበት ቦታ ላይ የቅጣቱን ቁጥር ከፍ ብታደርገው ማን ይደነግጣል። የሚያስይዘው አቤቱታ ሲመጣ የሚመዘግብ ፖሊስ፣ በሰአቱ የሚወሰድ የህክምና ማስረጃ፣ ፈርቶ የማይሸሽ ምስክር ነው። እነዚህ ነገሮች ደግሞ ሃሽታግ አይሆኑም፣ ቫይራል አይሄዱም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስትናደዱ፣ መናደዳችሁ አይቀርምም አይቅርም፣ የችሎት ቀጠሮውን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ያን ቀን ምን እንደተባለ ጠይቁ፣ ከተራዘመ ለምን እንደተራዘመ ጠይቁ፣ ተጎጂዋ ለትራንስፖርት፣ ለህክምና፣ ከስራ ለቀረችበት ቀን የጎደላት ካለ አዋጡ፣ ምስክሩ ብቻውን እንዳይሄድ አብሮት የሚሄድ ሰው ፈልጉ። ከ6 ወር በኋላ ችሎቱ ውስጥ ከእናትየው ጎን ያለው ወንበር ባዶ እንዳይሆን።