ግሉኮሱ 90 በመቶ ላይ ሲቆም፦ በስታርች ቅርንጫፍ ቆራጭ ኢንዛይም ሥራ ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከቃሊቲ አልፎ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር በምትገኝ አነስተኛ ማምረቻ ውስጥ የበቆሎ ስታርችን ወደ ግሉኮስ ሽሮፕ እንለውጣለን። በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ የግሉኮሱ መጠን ከሚጠበቀው በታች ሲቀር የመጀመሪያው ወቀሳ የሚያርፈው ቅርንጫፍ ቆራጭ በሆነው ኢንዛይም፣ ማለትም በፑሉላኔዝ ላይ መሆኑን ነው። መጠኑ ይጨመራል፣ ወጪው ይንራል፣ ውጤቱ ግን ባለበት ይቆያል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው ኢንዛይሙ ወደ ታንኩ ከመግባቱ በፊት በተሠራው ሥራ ውስጥ ነው።

ምልክቶቹን ለመረዳት የኢንዛይሙን ተግባር ማወቅ ያስፈልጋል። ስታርች ከሁለት ነገሮች የተሠራ ነው፤ አንደኛው አሚሎስ የሚባለው ቀጥ ያለ የግሉኮስ ሰንሰለት ሲሆን፣ ሁለተኛውና በተለመደው የበቆሎ ስታርች ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚይዘው አሚሎፔክቲን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያለው ነው። ሰንሰለቱን ቀጥ አድርጎ የሚያያይዘው ማሰሪያ አልፋ 1፣4 ይባላል፤ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ጉጥ ደግሞ አልፋ 1፣6 ነው። ግሉኮአሚሌዝ ከሰንሰለቱ ጫፍ እየጀመረ ግሉኮሱን አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ጉጡ ላይ ሲደርስ ግን እጅግ ይዘገያል። ፑሉላኔዝ የሚቆርጠው ይህንን ጉጥ ነው። ኢንዛይሙን በ1961 ያስታወቁት ቤንደርና ቫለንፌልስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ስሙም የመጣው ፑሉላን ከተባለውና አንድ የፈንገስ ዓይነት ከሚሠራው የስኳር ሰንሰለት ነው። አይሶአሚሌዝ የተባለ ሌላ ቆራጭም አለ፤ እርሱ ረጃጅም ቅርንጫፎችን በሚገባ ቢቆርጥም ሁለትና ሦስት ግሉኮስ ብቻ የቀረባቸውን አጫጭር ጉቶዎች በአግባቡ ስለማያነሳ ለሽሮፕ ሥራ ፑሉላኔዝ ይመረጣል።

ማንኛውንም ነገር ከመቀየር በፊት የሚከተለው ፈተና ይደረግ። ሥራው ከቆመበት ታንክ ናሙና ተወስዶ በሦስት ጠርሙሶች ይከፈል፤ በመጀመሪያው ላይ ምንም አይጨመር፣ በሁለተኛው ላይ ትኩስ ፑሉላኔዝ፣ በሦስተኛው ላይ ትኩስ ግሉኮአሚሌዝ ይጨመር፤ ሦስቱም በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለጥቂት ሰዓታት ይቆዩና ግሉኮሱ ይለካ። ሁለተኛው ብቻ ከፍ ካለ በእርግጥ የጎደለው ቆራጩ ነው፤ ወይ መጠኑ አንሷል፣ ወይ በማከማቻ ውስጥ በሙቀት ተበላሽቷል፣ ወይም ታንኩ ውስጥ ሞቷል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከመጀመሪያው ካልተለዩ ግን ተጨማሪ ኢንዛይም መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ልኬቱንም በተመለከተ፣ የብሪክስ መነጽር በፈሳሹ ውስጥ የሟሟውን ጠቅላላ ነገር እንጂ ግሉኮስ መሆኑን ስለማይናገር በእርሱ ብቻ ሥራው ተጠናቋል ማለት አይቻልም። ዴክስትሪንም (በከፊል ብቻ የተቆራረጠ የስታርች ሰንሰለት) ሆነ ግሉኮስ በዚያ መነጽር ተቀራራቢ ንባብ ይሰጣሉ፤ የፌህሊንግ ፈሳሽ ፈተና ወይም ግሉኮስን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ከማቅጠኑ ደረጃ በኋላም አዮዲን ሰማያዊ ቀለም ይሰጣል

ሰማያዊው ቀለም ገና ያልተሰበረ ስታርች መኖሩን ያሳያል። ይህ ምልክት በእኛ አካባቢ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ትኩረት ይሻል፤ ምክንያቱም መንስኤው ከምንኖርበት ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። በማቅጠኑ ደረጃ፣ ማለትም ወፍራሙ ስታርች ተሰብሮ በሚቀጥንበት የመጀመሪያ ሥራ፣ ከ30 እስከ 35 በመቶ ደረቅ ስታርች የያዘ ብጥብጥ ሰንሰለቱን ከመሃል ከሚቆራርጥና ሙቀት ከሚቋቋም አልፋ አሚሌዝ ጋር ሆኖ በእንፋሎት ወደ 105 ዲግሪ ይወጣል፤ እዚያም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ በ95 ዲግሪ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ይያዛል። መመሪያው እንዲህ ሲል ግን የተጻፈው በባሕር ወለል ላይ ላለ ፋብሪካ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በአብዛኛው ከ2000 እስከ 2600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ውኃ እዚህ የሚፈላው ከ91 እስከ 93 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ስለዚህ ክፍት በሆነ ታንክ ውስጥ 95 ዲግሪ መያዝ ፈጽሞ አይቻልም፤ እንፋሎት ቢጨመር ፈሳሹ ይበልጥ ይንተከተካል እንጂ አይሞቅም።

የግፊት መለኪያውም እንዲሁ ያሳስታል። 105 ዲግሪ ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው ጠቅላላ የእንፋሎት ግፊት 1.2 ባር ያህል ነው። መለኪያው (ጌጁ) የሚያነበው ከአየሩ ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ በባሕር ወለል ላይ አየሩ ራሱ አንድ ባር ስለሚሆን ጌጁ 0.2 ሲያነብ በቂ ነው፤ እዚህ ግን የአየሩ ግፊት 0.77 ባር ገደማ ስለሆነ ጌጁ ከ0.4 በላይ ማንበብ አለበት። እኛም ሥራውን በጀመርንበት ወቅት ጌጁን በመመሪያው መሠረት 0.2 ላይ አስረን 105 ዲግሪ የደረስን መስሎን ነበር፤ ብጥብጡ ግን 99 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነበር፤ ያልተከፈቱት የስታርች ቅንጣቶች ወደ ቀጣዩ ታንክ አልፈው ማጣሪያችንን ደጋግመው ደፍነውብናል። በዚያን ጊዜ ቅርንጫፍ ቆራጩን ሁለት ጊዜ ለውጠን ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእርሱ አልነበረም፤ ያልተከፈተ ቅንጣት ውስጥ ያለን ጉጥ የትኛውም ኢንዛይም አይደርስበትም።

መፍትሄው ጌጁን ትቶ በቴርሞሜትር መመራት፣ ቴርሞሜትሩንም ፈሳሹ ከማብሰያው በሚወጣበት ቦታ ላይ መትከል፣ ከዚያም የ95 ዲግሪውን ቆይታ በተዘጋና ግፊት በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ማድረግ ነው። ክፍት ታንክ ብቻ ያለው ሰው ሙቀቱን ወደ 90 ዲግሪ አድርጎ ጊዜውን ያርዝም፤ ሆኖም ቅንጣቶቹ በሚገባ የሚከፈቱት በመጀመሪያው የ105 ዲግሪ ቆይታ ስለሆነ ያ ደረጃ ሊዘለል አይገባም። የአዮዲን ፈተናውም በቀዘቀዘ ናሙና ላይ ይደረግ፤ ትኩስ ናሙና ላይ ሰማያዊው ቀለም ስለሚጠፋ ስታርቹ ያለቀ ይመስላል።

ምልክት፦ አዮዲን ቀለም አይሰጥም፣ ግሉኮሱ ግን አያድግም

ስታርቹ ከተሰበረ በኋላ የሚደርሰው እንዲህ ያለ መቆም መንስኤው በአብዛኛው ሳይሞት ያለፈ አልፋ አሚሌዝ ነው። ይህ ኢንዛይም ሙቀት እንዲቋቋም ተብሎ የተመረጠ በመሆኑ ማቀዝቀዝ ብቻውን አይገድለውም። ወደ ስኳር መለወጫው ታንክ አብሮ ከገባ ዴክስትሪኑን ከጉጡ ግራና ቀኝ ማሳጠሩን ይቀጥላል፤ በመጨረሻም ፓኖስ የሚባሉ ባለ ሦስት ግሉኮስ ቁርጥራጮችን ይተዋል። ፑሉላኔዝ ደግሞ ሥራውን ለመሥራት ከጉጡ በሁለቱም ወገን ቢያንስ ሁለት ሁለት ግሉኮስ ያስፈልገዋል፤ ፓኖስን ሊቆርጥ አይችልም። ቆራጩ እጀታውን የሚያሳርፍበት ቦታ አጥቷል ማለት ይቻላል።

መፍትሄው የሁለቱን ሥራ ቅደም ተከተል ማስተካከል ነው። ፈሳሹ ገና በማቅጠኑ ሙቀት ላይ ሳለ አሲድ ተጨምሮ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ4.5 በታች ይውረድ፤ በ95 ዲግሪ ከሆነ አምስት ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ወደ 60 ዲግሪ ይቀዝቅዝ። ብዙ ሰው አሲዱን የሚጨምረው ካቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ፒኤቹ ቢወርድም አልፋ አሚሌዙ አይሞትም። በዝቅተኛ ፒኤች የሚቋቋሙ አዳዲስ የአልፋ አሚሌዝ ዓይነቶች ስላሉ፣ የተገዛው ዓይነት በምን ፒኤችና ሙቀት እንደሚሞት ከአምራቹ ወረቀት ላይ አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።

ምልክት፦ ለውጡ በጥሩ ፍጥነት ይጀምርና ሌሊቱን ይደክማል

ጠዋት የሚነበበውን ፒኤችና ሙቀት ከማታው ጋር አስተያዩ። ፒኤቹ ከፍ ብሎ ከተገኘ ውኃውን ጠርጥሩ። የአቃቂ አካባቢ የጉድጓድ ውኃ ባይካርቦኔት የበዛበት ነው፤ አሲድ ሲጨመርበት ወዲያው የወረደ ይመስልና ጋዙ ቀስ በቀስ እየወጣ ሲሄድ ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ አሲዱ ተጨምሮ፣ በማማሰያ ተማስሎ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ እንደገና ይለካ። ግሉኮአሚሌዝና ከባሲለስ አሲዶፑሉሊቲከስ የሚገኘው ፑሉላኔዝ አብረው በሚገባ የሚሠሩት ከ4.2 እስከ 4.6 ባለው ፒኤችና በ60 ዲግሪ ነው። መጀመሪያ የተገኘው ፑሉላኔዝ ከሌላ ባክቴሪያ የወጣ ስለነበር ይህን አሲድና ሙቀት አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ኢንዛይሙ ሲገዛ «ፑሉላኔዝ» የሚለውን ስም ብቻ አይቶ መውሰድ አደገኛ ነው። ለሳሙና ዱቄት ተብለው የተዘጋጁና በአልካሊ ውስጥ የሚሠሩ ዓይነቶችም አሉ፤ በእኛ ታንክ ውስጥ ዋጋ የላቸውም።

ፒኤቹ ወርዶ ከተገኘና ከታንኩ የቦካ ሊጥ ሽታ የሚሸት ከሆነ ደግሞ መንስኤው ታንኩ ሙቀት በማጣቱ የገባ ባክቴሪያ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት መብራት ለሦስት ሰዓት ከጠፋ፣ ሽፋን የሌለው ትንሽ ታንክ በቀላሉ ከ55 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች የሚባዙትም ያኔ ነው። ለታንኩ ሙቀት የሚይዝ ሽፋን ማልበስ ከማንኛውም ተጨማሪ ኢንዛይም ይልቅ ርካሽ መድኃኒት ነው። መብራቱ ሲመለስም ጠፍቶ የቆየውን ሙቀት ለማካካስ እንፋሎቱን በቀጥታ መልቀቅ አይገባም፤ እንፋሎቱ በሚገባበት ቦታ ፈሳሹ ከ65 ዲግሪ እጅግ ስለሚያልፍ በዚያ የሚያልፈው ፑሉላኔዝ ይሞታል። ማማሰያው እየሠራ፣ ቀስ በቀስ ይሞቅ።

ምልክት፦ ግሉኮሱ ጫፍ ላይ ደርሶ መቀነስ ይጀምራል

ግሉኮአሚሌዝ መጠኑ በዝቶ በወፈረ ፈሳሽ ውስጥ ረጅም ጊዜ ሲቆይ ሥራውን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ሁለት ግሉኮሶችን አያይዞ አይሶማልቶስ ይሠራል። የቅርንጫፍ ቆራጩ ትልቁ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ጉጡን እርሱ ስለሚያነሳ የግሉኮአሚሌዙን መጠን መቀነስ ይቻላል፤ ግሉኮሱም ከ95 በመቶ አልፎ ወደ 96 እና 97 ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ቆራጩን ጨምሮ ግሉኮአሚሌዙን እንደ ቀድሞው መተው የጥቅሙን ግማሽ ማጣት ነው። ከ24ኛው ሰዓት ጀምሮ በየአራት ሰዓቱ ይለካ፤ እድገቱ ሲቆም ፈሳሹ ከ80 ዲግሪ በላይ ሞቆ ኢንዛይሞቹ ይገደሉ።

ምልክት፦ ሽሮፑ በጀሪካን ውስጥ እንደ ነጭ ማር ይረጋል

ይህ የኢንዛይም ብልሽት አይደለም፤ ከመጠን በላይ መሥራት ነው። ማር የሚረጋው በውስጡ ባለው ግሉኮስ ምክንያት እንደሆነ ሁሉ 95 በመቶ ግሉኮስ ያለው ወፍራም ሽሮፕም በክፍል ሙቀት መጠጠሩ አይቀርም። ለከረሜላ ሠሪ የሚሸጥ ሽሮፕ ዴክስትሪን ሊቀርበት ይገባል፤ ከረሜላው ስኳር እንዳይጥል የሚከለክለው ያ ዴክስትሪን ነውና። ለእንዲህ ያለ ደንበኛ ቅርንጫፍ ቆራጭ ጨርሶ አያስፈልግም።

ለማልቶስ ሽሮፕ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቤታ አሚሌዝ ማልቶስን ከሰንሰለቱ ጫፍ ሲያነሳ ጉጥ ላይ ሲደርስ ፈጽሞ ይቆማል፤ ብቻውን ሲሠራ ውጤቱ 60 በመቶ አካባቢ የሚቀረው ለዚህ ነው። ፑሉላኔዝ ሲታከልበት ከ70 እስከ 80 በመቶ ይደርሳል። ለጠላ የሚበቅለው የገብስ ብቅልም ይህን የመሰለ የራሱ ቆራጭ አለው፤ ሆኖም ሙቀት ስለማይችል፣ ብቅሉን ከ65 ዲግሪ በላይ በሆነ ውኃ የሚዘፈዝፍ ጠማቂ ቶሎ ያጣዋል፤ የሚቀረው ዴክስትሪንም እርሾው የማይበላው ነው።

ምልክት፦ የጠራው ሽሮፕ ሲቀዘቅዝ ይደፈርሳል

ዝቃጩ ተጣርቶ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ አዮዲን ይንጠብበት። ቀለም ካልሰጠ ደመናው ከበቆሎው የመጣ ፕሮቲንና ቅባት ነው፤ ጉዳዩ የማጣሪያ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ግን ቅርንጫፋቸው የተቆረጠላቸው ረጃጅም ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶች ተጠጋግተው ረግተዋል፤ ያደረ እንጀራ የሚደርቅበትም መንገድ ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። ለምግብነት የሚፈለገውንና በአንጀት ውስጥ የማይፈጨውን ስታርች የሚያመርቱ ሰዎች ይህን ሆን ብለው ያደርጉታል፤ ለሽሮፕ ሠሪ ግን ኪሳራ ነው። የሚደርሰውም ቆራጩ ግሉኮአሚሌዙ ሳይኖር ቀድሞ ሲጨመር፣ ወይም ማቅጠኑ ሳያልቅ ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ነው። ሁለቱ ኢንዛይሞች አብረው ይጨመሩ፤ ፈሳሹም ወደ 60 ዲግሪ የሚወርድበት ጊዜ አጭር ይሁን። አንዴ የረጋውን አሚሎስ ለማሟሟት ከ120 ዲግሪ በላይ ሙቀት ስለሚያስፈልግ በክፍት ታንክ እንደገና ማፍላት አይጠቅምም፤ ዝቃጩ ተጣርቶ ከአዲስ ብጥብጥ ጋር ተቀላቅሎ በ105 ዲግሪው ማብሰያ ቢያልፍ እንኳ የሚመለሰው ጥቂቱ ብቻ ነው።