የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ዴስክቶፕ ላይ፦ «ያው ኢንቴል ነው» ከማለታችሁ በፊት

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ ማዘርቦርዱን በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። «ጋሼ፣ እምቢ አለኝ» አለ። የፕሮሰሰሩን መቆለፊያ ከፈትኩት። ሶኬቱ (የፕሮሰሰሩ ማስቀመጫ) ውስጥ ያሉት ፀጉር የሚያካክሉ እግሮች ዝናብ እንደመታው ጤፍ ተጋድመዋል። ከሞተ ላፕቶፕ ያወጣውን ኮር አይ7 «ያው ኢንቴል ነው» ብሎ በአውራ ጣቱ ተጭኖታል።

ስንት ጊዜ ልናገር? ፕሮሰሰር አይጠቀጠቅም፤ ይቀመጣል። ቦታው ከሆነ በራሱ ክብደት ቁጭ ይላል፣ ከዚያ መቆለፊያውን መመለስ ነው። ጣት መግፋት ከጀመረ ቦታው አይደለም፣ አለቀ። የልጁ ቦርድ ሶኬት ኤልጂኤ 1155 የሚባለው የዴስክቶፕ ዓይነት ነው። እግሮቹ ያሉት ቦርዱ ላይ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ሆድ ለጥ ያለ ነው። እሱ ያመጣው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ደግሞ 988 እግር ከራሱ ሆድ ስር አብቅሏል። እግር በእግር ላይ ጫነ ማለት ነው። በማጉያ መነጽርና በፒንሴት አንድ በአንድ ሳቃና አመሸሁ። ሁለቱ እጄ ላይ ተሰበሩ። ቦርዱም አልተነሳም።

ይባስ ብሎ፣ አውጥቶ ያስቀመጠው አይ5-2400 ነበር፤ 4 ኮር (ሥራውን የሚከፋፈሉ ክፍሎች)፣ 3.1 ጊጋኸርዝ ፍጥነት። ለማስገባት የታገለው አይ7-2620ኤም ነው፤ 2 ኮር፣ 2.7 ጊጋኸርዝ። ቢገባለት እንኳ ወደ ኋላ ነበር የሚሄደው። «አይ7 አይደል እንዴ?» አለኝ። ነው፣ የላፕቶፕ አይ7። ከቁጥሩ ኋላ ያለችውን ፊደል ሳታዩ ስሙን አትመኑ። አይ7-7500ዩ ያው 2 ኮር ነው፤ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ 3.5 ጊጋኸርዝ ቢደርስ ነው። የዚያው ዘመን የዴስክቶፕ አይ3-7100 በ2 ኮር 3.9 ላይ ይሮጣል።

ቦርድ ላይ የተበየደውን የላፕቶፕ ፕሮሰሰር በሆት ኤር (በሙቅ አየር መንፊያ) ነቅሎ ሶኬት ላይ ለማስቀመጥ መሞከር፦ ተዉት። ከ5ኛው ጀነሬሽን ወዲህ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ቦርዱ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው። ከስሩ የብየዳ ኳስ እንጂ እግር የለውም።

«ድሮ ይቻል ነበር» የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው። የኤኤምዲ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር አትሎን ኤክስፒ-ኤም የዴስክቶፑን ሶኬት ኤ ይጋራ ነበር። የኢንቴሉን የላፕቶፕ ፔንቲየም ኤምንም ኤሱስ በ2005 ባወጣው አስማሚ አንዳንድ የራሱ ቦርዶች ላይ መግጠም ይቻል ነበር። ያ ግን ኩባንያው ራሱ አስቦበት ነው።

አሁን ያለው የቻይኖቹ ዘዴ ነው። የላፕቶፑን ቺፕ ኤልጂኤ 1151 በሚባለው የዴስክቶፕ ሶኬት ላይ በሚቀመጥ ትንሽ ሰሌዳ ላይ በይደው ይሸጡታል። ይሠራል፣ ግን የተነካካ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ይፈልጋል። እዚህ ላይ የተቀጣሁት እኔ ነኝ። የድሮውን ባዮስ ኮፒ ሳላስቀር አዲሱን ጫንኩ። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ሌላ ተመሳሳይ ቦርድ ፈልጌ ባዮሱን በፕሮግራመር (ቺፕ ላይ በሚጽፍ መሣሪያ) እስክገለብጥ ድረስ ቦርዱ ሁለት ሳምንት አቧራ ጠጣ። መጀመሪያ ኮፒ፣ ከዚያ ሌላው።

እነዚህ ቺፖች ብዙዎቹ የብረት ክዳን የላቸውም። ዝቅ ስለሚሉ የዴስክቶፕ ኩለር (ማቀዝቀዣ) ላይደርስባቸው ይችላል። በተርማል ፔስት (ሙቀት በሚያስተላልፈው ቅባት) ክምር ክፍተቱን ልሙላ አትበሉ፤ ስስ መዳብ መሃል ይግባ። ብሎኑንም በመስቀል አቅጣጫ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጥብቁ። አንዱን ጎን ብቻ ካጠበቃችሁት የቺፑ ጠርዝ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ያልጣመው ሰው ከነፕሮሰሰሩ ተበይዶ የሚሸጥ ቦርድ ይግዛ። የሚኒስፎረም ቢዲ790አይ ለምሳሌ ባለ 16 ኮሩን የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ራይዘን 9 7945ኤችኤክስ ይዞ ነው የሚመጣው። ነገ ፕሮሰሰሩን ልቀይር ማለት ግን የለም። ራሙም የላፕቶፕ ዲዲአር5 ነው። የዴስክቶፕ ራም ገዝቶ መጥቶ «ለምን ረዘመ?» ያለኝ ደንበኛ አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ እሱ ራሱን ያውቃል።